ወገቤ፣ ወጌሻውና ኦስቲዮፓቷ

ጥምቀት ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አራት ኪሎ አክስቴ ቤት፣ ሻንጣ ልከፍት ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ልል ብሞክር ወገቤ በሽቦ የታሰረ ይመስል እምቢ አለኝ። ዚፑን እንደያዝኩ፣ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ እንደተከልኩ ቆየሁ። ከጓዳ የቡና ሙቀጫ ድምፅ ይሰማኛል። ለነገሩ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ከለንደን ሌሊቱን ሙሉ መቀመጫ ላይ ተኮራምቼ መጥቼ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ከመኪና ያወረድኩት ብቻዬን ነኝ። «የጎረቤት ልጅ ያውርድልሽ» ሲሉኝ «ተዉት፣ ልምዴ ነው» ብዬ ነበር።

አክስቴ ሙቀጫውን ትተው መጡ። አንዴ ዙሪያዬን ዞሩና ፍርዳቸውን ሰጡ። «ወጌሻ ነው የሚያስፈልግሽ። አሁን አስጠራልሻለሁ።»

«አይሆንም» አልኩ፣ ለምንጣፉ የምናገር ይመስል። ይህን ወገብ አውቀዋለሁ፤ በስሙ ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ።

ለንደን ውስጥ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማልበስ። ደንቡ፣ በእግሩ መቆም የማይችልን ሰው ለማንሳት ሁለት ሠራተኛና ማንሻ መሣሪያ ያስፈልጋል ይላል። ሌሊት ሌሊት ግን ሁለተኛዋ ሠራተኛ የምትገኘው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከዕለታት አንድ ሌሊት አንድ ግዙፍ አዛውንት ከእጄ ሊያመልጡ ሲሉ ተጠማዝዤ ያዝኳቸው። እሳቸው ተረፉ፤ ወገቤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሱን ጠባይ አወጣ።

መጀመሪያ የሄድኩት አንዲት ያገሬ ልጅ «እጁ መድኃኒት ነው» ያለችኝ ሰው ዘንድ ነው። ከፀጉር ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ስሜን እንኳን በቅጡ ሳይጠይቅ «በሆድሽ ተኚ» አለኝ፤ ተጫነኝ፣ ጠመዘዘኝ፣ አንገቴን ሳይቀር አንቋቋው። ሲጨርስ «ዳሌሽ ከቦታው ሸሽቷል፤ አሥር ጊዜ ትመላለሻለሽ፤ የአሥሩን አሁን ከከፈልሽ ቅናሽ አለው» አለ። ከፈልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሄጄ ስመለስ ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ ባቴ ድረስ ወርዶ ነበር። የቀረውን ገንዘቤን ብጠይቅ የሰማኝ የለም።

እኔ እኮ በርበሬ ስገዛ አሸትታለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ማን እንዳዘጋጀው እጠይቃለሁ። ወገቤን ግን ምን እንደተማረ ለማላውቀው ሰው አስረክቤ በሆዴ ተኛሁ።

የሰውየው በር ላይ የተጻፈው «የአከርካሪ ባለሙያ» እንጂ «ኦስቲዮፓት» (ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጁ የሚያክም ባለሙያ) አለመሆኑን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ ይህን መጠሪያ ይጠብቀዋል፤ በጠቅላላ የኦስቲዮፓቶች ምክር ቤት ሳይመዘገብ ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ የሚጠራ ሰው ወንጀል ሠርቷል። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ስም ጽፎ ለማየት ጀበና እስኪፈላ የሚወስደውን ያህል ጊዜ እንኳን አይፈጅም። የተመዘገበ ሰው አራት ወይም አምስት ዓመት ተምሯል፣ የመድን ሽፋን የመግባት ግዴታ አለበት፣ ቢያጠፋም የሚከሰስበት ቦታ አለ። የእኔው ሰው ግን ነገ ታፔላውን አውርዶ «የጉልበት ባለሙያ» ብሎ ቢሰቅል ማንም ለምን አይለውም።

ሁለተኛዋን፣ ኦስቲዮፓቷን፣ ከዚያ መዝገብ አገኘኋት። ቀጠሮ ስይዝ በስልክ «ለምርመራው የውስጥ ልብስ እስኪቀር ማውለቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ካልተመቸሽ አጭር ሱሪ ይዘሽ ነይ፣ ከፈለግሽም ሰው አብሮሽ ይግባ» ተባልኩ። ይህን አስቀድሞ መስማት ለእንደኔ ዓይነት ሴት ትልቅ ነገር ነው። አጭር ሱሪም ጓደኛም ይዤ ሄድኩ።

ከአንድ ሰዓቱ ቀጠሮ ግማሽ ያህሉ ያለቀው በጥያቄ ነው። መቼ ጀመረሽ፣ ሌሊት ያነቃሻል ወይ፣ ላብ ያጠምቅሻል ወይ፣ ያለ ምክንያት ከስተሻል ወይ፣ ካንሰር ታክመሽ ታውቂያለሽ ወይ። የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም እንደሚይዝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ደግሞ «ሽንትሽ ሲመጣ ይታወቅሻል? ስትቀመጪ በጭኖችሽ መካከል የሚደነዝዝ ቦታ አለ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔም አፈርኩ፤ ምክንያቱን ግን አስረዳችኝ። በአከርካሪ ግርጌ የፈረስ ጭራ የሚባል የነርቭ ጥቅል አለ፤ እሱ ከተጨፈለቀ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያቅታል፣ መቀመጫ አካባቢ ይደነዝዛል፣ እግር ይዝላል። ያን ጊዜ ማሸት የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ከፀጉር ቤት ጀርባ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳይጠይቅ ነበር የጠመዘዘኝ።

ወገቤን ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ ከእግሬ ጀመረች። አውራ ጣቴን ወደ ላይ እንድገፋ እሷ ደግሞ ወደ ታች ተጫነች፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ አደረገች፤ በጀርባዬ አስተኝታ እግሬን ቀጥ እንዳለ አነሣችው። ከዚያ ምን ልታደርግ እንደሆነ ነግራኝ፣ ፈቃዴን ጠይቃ ጀመረች። ጡንቻውን በዝግታ መጫን፣ ዳሌን ማወዛወዝ፣ በመጨረሻ አንዲት «ቋ»። «አጥንቱ ተመለሰ?» አልኳት። ሳቀች። «የሄደ አጥንት የለም። ድምፁ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚመጣ የአየር ነገር ነው። ዳሌሽ ወልቆ ቢሆን ኖሮ በእግርሽ አትመጪም ነበር።» ያን ጊዜ የአሥር ጊዜው ክፍያዬ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስረግጥ እንደዋልኩ ሰውነቴ ዛለ። ለአንድ ሁለት ቀን እንዲህ እንደሚሆን ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ክፍያው 60 ፓውንድ ነበር፤ ለእኔ ስድስት ሰዓት አረጋውያን ማገላበጥ ማለት ነው። የሄድኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ገና ስንጀምር «እስከ ሦስተኛው አራተኛው ቀጠሮ ለውጥ ካላየን ወደ ሐኪምሽ እልክሻለሁ» ብላኝ ነበር፤ በየቀኑ የምሠራው እንቅስቃሴም ሰጠችኝ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም የእጅ ሕክምናን የፈቀደው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ከሆነ ብቻ ነው። እንቅስቃሴው አሰልቺ ነው፤ ያዳነኝ ግን እሱ ይመስለኛል። ደግሞም አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይሻለዋል፤ ስለዚህ እጇን ብቻ አላመሰግንም። አስምንም የሕፃን የሆድ ቁርጠትንም በእጄ እፈውሳለሁ የሚል ኦስቲዮፓት ካጋጠማችሁ ግን ጫማችሁን አጥልቁና ውጡ።

ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ «የእኔ ኦስቲዮፓት መድኃኒት ያዝልኛል» ሲለኝ ለረጅም ጊዜ ቀባጣሪ ነው ብዬ ነበር። ለካ እውነቱን ነው። ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1874 የጀመረው አሜሪካዊው አንድሪው ቴይለር ስቲል ነው፤ ልጆቹን በማጅራት ገትር ያጣና በዘመኑ መድኃኒት ተስፋ የቆረጠ ሰው። እዚያው አሜሪካ ተከታዮቹ ውለው አድረው እንደማንኛውም ሐኪም መድኃኒት የሚያዙ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሆነዋል። በብሪታንያ ግን ሥራቸው በእጅ ነው። ስሙ አንድ፣ አገሩ ሌላ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ባስረዳም ወጌሻው መጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የወንድሜን ክንድ ያሹት እሳቸው ነበሩ። ቡናቸውን እስከ ሁለተኛው ድረስ ጠጡና ወደ እኔ ዞሩ። ወድቀሽ ነው? እግርሽን ይነዝርሻል? ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውሃ ሽንትስ ደኅና ነው?» አሉኝ። ለንደን ድረስ ሄጄ በ60 ፓውንድ የሰማሁትን ጥያቄ! ጣታቸውን በአከርካሪዬ ግራና ቀኝ አስኬዱና «ስብራት የለም፣ ውልቃትም የለም። እኔ አልስብሽም፤ ሐኪም ይየው» አሉ። የከፈልናቸውንም አልተቀበሉም። ሁሉም ወጌሻ እንደሳቸው ነው አልልም፤ ስብራት በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ ደም እንዳይዘዋወር በማድረግ ክንድ ያስቆረጠም አለ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ በታክሲ ቁልቁል ፍል ውሃ ወሰዱኝ። በየመንገዱ ማቀዝቀዣ ጉብታ ላይ መኪናው ሲዘል ጥርሴን እነክሳለሁ፤ አክስቴ ሹፌሩን «ቀስ በል ልጄ፣ ዕቃ አይደለም የጫንከው» ይላሉ። እቴጌ ጣይቱን እ.ኤ.አ. በ1886 ከእንጦጦ ያወረደ ውሃ የእኔን ወገብ ይንቃል ብዬ አላሰብኩም፤ እውነትም ሙቀቱ ጡንቻዬን ፈታልኝና ያን ሌሊት ተኛሁ። «ልሽሽ» ያለችኝን ሴት ግን አመስግኜ አለፍኳት፤ ገና ሐኪም አላየኝም ነበር።

በማግስቱ ሐኪም አየኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ መራኝ። ኦስቲዮፓት የሚል ታፔላ አዲስ አበባ ላይ አላየሁም፤ ፊዚዮቴራፒስት ግን አለ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያስተምራል። ያገኘሁት ወጣትም የተማረው እዚያው ነው። ገና ሳልቀመጥ የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ልጁ ግን ቅር ሳይለው ግድግዳው ላይ ወዳለው ፍሬም አመለከተኝና ምርመራውን ከእግሬ አውራ ጣት ጀመረ። እፎይ አልኩ። «አልጋ ላይ አትዋዪ፤ የቻልሽውን ያህል ተራመጂ» አለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ አክስቴ አኮረፉኝ። «የሰው ልጅ ወረቀት አሳየኝ ይባላል? ፖሊስ ነሽ?»

የከተራ ዕለት እስከ ጃን ሜዳ ባይሆንም እስከ ስድስት ኪሎ ታቦቱን ሸኘሁ፤ ሁለቴ ድንጋይ ላይ አረፍ ብዬ። አክስቴ አጠገቤ ጉልበታቸውን እያሹ ይከተሉኛል። ያ ጉልበት ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ብጠይቃቸው አልመለሱልኝም። ማታ ላይ ግን፣ ነጠላቸውን እያጣጠፉ፣ «ያ የጎንደሩ ልጅ ጉልበትም ያያል?» አሉኝ። ያያል አልኳቸው። «ሐሙስ ቀጠሮ ያዢልኝ እንግዲህ» አሉና ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ «ስለ ሽንት ከጠየቀኝ ግን ተነሥቼ ነው የምወጣው።»