ከፊታችን 37 ሰው

ዛሬ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ይዤ አራት ኪሎ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ገባን። ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ሰሞኑን ብቸኛ ቁጥር እየተማሩ ስለሆነ ያየችውን ሁሉ ትቆጥራለች። «ጋሼ፣ ከፊታችን 37 ሰው አለ። ብቸኛ ነው!» አለችኝ። ታክሲው 12 ሰው ይጭናል። ሦስት ታክሲ ሞልቶ ሄደና አንድ አዛውንት ከፊታችን ቀሩ።

«አየሽ፣ ብቸኛ ማለት ይኸው ነው፤ በስንትም በስንትም እኩል ብትከፋፍያቸው ሰው ይተርፋል» አልኳት። ሁሉም ለየብቻው ኮንትራት ካልያዘ፣ ወይም 37ቱም ባንድ አውቶቡስ ካልታጨቁ በቀር።

መንገድ ላይ «ትልቁስ ስንት ነው?» አለች። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የግሪኩ የሂሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከ2,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት አሳይቷል፤ የታወቁት ግን ይቆጠራሉ። ከታወቁት ትልቁን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 የተረጋገጠውን ነገርኳት፦ 136,279,841 ሁለቶችን አባዝተሽ ከውጤቱ አንድ ትቀንሻለሽ። 41,024,320 አሃዝ አለው። በሰከንድ አንድ አሃዝ ብትጠራ፣ እንቅልፍ ሳይቆጠር፣ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ከ20 ቀን ግድም ይፈጅባታል። «ማን ይሰማኛል?» አለች።

እንዲህ ያሉት በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን ሜርሴን ስም ይጠራሉ። የሚባዙት ሁለቶች ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ እሱም ብቻውን አይበቃም። 13 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ 8,191 ይሰጣሉ፤ ብቸኛ ነው። 11 ግን 2,047 ይሰጣል፤ እሱ 23 × 89 ነው። ሜርሴን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ የሚሰጡትን የሁለቶች ብዛት ሲዘረዝር 67ን አስገብቶ ተሳስቷል። ስህተቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው፤ የውጤቱን አካፋዮች ለማግኘት ደግሞ እስከ 1903 ተጠብቋል።

ማታ ብቻዬን ስሆን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ቁጥሩ የተገኘበት 2017 በእኛ አቆጣጠር ብቸኛ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የተገኘውም ኅዳር 2011 ነው፤ 2011ም ብቸኛ! በፈረንጆቹ ግን ሁለቱም ዓመታት ለሁለት ይካፈላሉ፣ 2018 እና 2024። ደስ አለኝ፤ የዘመን አቆጣጠራችን ምሥጢር ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የዚያኛው ታኅሣሥ 2010 ላይ ነው የተገኘው። 2010 ደግሞ ለአምስትም ለአሥርም ይካፈላል። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

የሆነው ሆኖ ደውዬ ነገርኳት። ምሥጢሩ መክሸፉ ግድም አልሰጣት። «የሚቀጥለው ብቸኛ ዓመትስ መቼ ነው?»

ወረቀት ይዤ በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13፣ በ17 ሞከርኩ። በ19ም አልተካፈለም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ተማምኜ «2021» አልኳት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከእናቷ ስልክ መልእክት ገባ፦ «43 × 47። 2027 ነው ጋሼ።»