ቁልቁለት ላይ የሚባክነውን ጉልበት በብስክሌት ጎማ ማሳየት

ድሬዳዋ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። "ቲቸር፣ መኪና ሃይብሪድ ከሆነ ከባድ ጭነት የሚጎትተው ዲዝል ባቡርስ?" ብለው ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ሃይብሪድ ማለት ከነዳጅ ሞተሩ ሌላ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው፣ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪው የሚመልስ ነው። በቃል ብቻ ልመልስላቸው አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ምድር ባቡር ሲጠግኑ ወደኖሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ ወሰድኳቸው። "አቦ፣ ሞተሩ በቀጥታ ጎማውን የሚያዞር መሰላችሁ?" አሏቸው። ዲዝሉ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ ጎማዎቹን የሚነዱት ከሥራቸው ያሉ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ስለዚህ የሃይብሪዱ ግማሽ ሥራ ድሮ አልቋል፣ የጎደለው ባትሪው ነው።

ከዚያ ከጋራዥ አሮጌ የራዲያተር ፋን ሞተር አመጣሁ። የዋይፐር ሞተር አትውሰዱ፤ ጥርሱ ከውጭ ሲያዞሩት እሺ አይልም። ብስክሌት ገልብጠን የኋላ ጎማውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር አነካካንና በፔዳል አስፈተለክነው። ስንለቀው ጎማው ብዙ ዞረ። የመኪና አምፖል ስናገናኝ ግን አምፖሉ ቦግ አለ፣ ጎማውም ወዲያው ከበደው። የትልልቅ ሎኮሞቲቮች (ባቡሩን የሚጎትቱት ራሶች) የኤሌክትሪክ ፍሬን ይኸው ነው፤ በእነሱ ላይ የመነጨው ኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሆኖ ወደ አየር ይበተናል።

ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ አሰላን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። 1,000 ቶን ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ 3,270 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይለቃል። በ310 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በቶን 20 ኒውተን ሰበቃ ብንይዝ ግማሹ ያልቃል። በሞተርና በባትሪ የሚጠፋው ሲቀነስ ወደ 1,200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቀራል። ይህ አይናቅም! ሎኮሞቲቭ ሠሪው ዋብቴክና የአሜሪካው የባቡር ድርጅት ቢኤንኤስኤፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ላይ የሞከሩት የባትሪ ሎኮሞቲቭ 2,400 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዲዝሎች ጋር ተቀጥሎ የባቡሩን ነዳጅ በአማካይ 11 በመቶ ቆጥቧል።

ከሁሉ የጠቀመን ግን የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው፦ "ከባዱ ጭነት የሚመጣው ከወደብ ወደ ላይ አይደል?" ልክ ናት። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ብረቱ ሽቅብ ይመጣል፤ ቁልቁል የሚወርደው ባቡር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሃይብሪድ በጣም የሚያዋጣው ከባዱ ጭነት በሚወርድበት አገር ነው። አዲሱ መስመራችን ደግሞ ኤሌክትሪክ ከላይ ከሽቦ ስለሚወስድ ይህን ትልቅ ባትሪ አይሻም።

ለእኛ ተስፋ የማደርገው ፉርጎ የሚያቀያይረውን፣ ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ሎኮሞቲቭ ነው። ጃፓን ኤችዲ300 የተባለውን ሃይብሪድ የሠራችው ለዚሁ ሥራ ነው። አሁን ተማሪዎቼ አምፖሉን በትንሽ ባትሪ ተክተው፣ ከፔዳሉ ጉልበት ስንቱ ተመልሶ እንደሚገኝ እየለኩ ናቸው።