የባልታር ቅላጼ

ሐምሌ ሲገባ እኔም ከሰማዩ ጋር አብሬ የምጨፈግግ ሰው ሆኛለሁ። እዚህ የካ አባዶ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ተከትሎት መሄዱን የምታውቁት ነው፤ በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ እንደ ረጠበ ነው፣ ላፕቶፑ ግን ገና ግማሽ ያህል ባትሪ ነበረው። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው አዲስ ነገር የማየት አቅም የለውምና ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ክፍል ደግሜ ከፈትኩ። አንዲት የማውቃት ልጅ ሰሞኑን «ያን ከሃዲ ባልታርን ገና ከመጀመሪያው ወደ ጠፈር ወርውረውት ቢሆን ስንት ሰዓት በተረፈን» ስላለችኝ ተገቢ መልስ ልጽፍላት አስቤ ነበር። መልሱ እስካሁን አልተላከም።

በእርግጥ ጋየስ ባልታርን ለመጥላት ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1978 በተሠራው የመጀመሪያው ተከታታይ ባልታር ወገኑን ዐውቆ የሸጠ ደረቅ ከሃዲ ነበር። ታሪኩ ከ2003 ጀምሮ እንደ አዲስ ሲሠራ ግን ነገሩ ተወሳሰበ፤ ይህኛው ባልታር የወደዳት ሴት ሳይሎን (ሰው መስሎ የተሠራ ጠላት ማሽን) መሆኗን ሳያውቅ የመከላከያውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከፈተላት፣ ዐሥራ ሁለቱም ዓለማት በኑክሌር ነደዱ፣ የተረፈውም ሕዝብ 50 ሺህ ያህል ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እንኳ አርፎ አልተቀመጠም። ዋሸ፣ ለምርጫ ተወዳደረ፣ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ጠላት ሲመጣ እጁን ሰጠ፣ ሽጉጥ ተደግኖበትም የወገኖቹን የሞት ትእዛዝ ፈረመ። ችሎት ፊት ቀርቦ በሦስት ለሁለት ድምፅ በነፃ ሲለቀቅ የተደሰተ ሰው ከእኔ በቀር ገና አልገጠመኝም።

እኔ ግን የማዝንለት ጠበቃው ባቀረበው መከራከሪያ አይደለም። በሦስተኛው ምዕራፍ፣ እስር ቤት ሳለ፣ ስለ ትውልድ አገሩ የሚናገርበት አንድ ትዕይንት አለ። ባልታር የኤሪሎን ልጅ ነው፤ ኤሪሎን ደግሞ ሌሎቹን ዓለማት እያበላች ራሷ የማትከበር የገበሬ አገር ናት። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ከዓለማቱ ዋነኛ የሆነችውን የካፕሪካን ሰዎች አነጋገር እየተለማመደ የአባቱን አፍ ከራሱ ላይ ፍቆ እንደ ጣለ ይናገራል። ተዋናዩ ጀምስ ካሊስ በዚያች ቅጽበት የለመድንለትን የሊቅ እንግሊዝኛ ትቶ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ገበሬ ቅላጼ መናገር ሲጀምር ፊቱ እንኳ የሌላ ሰው ፊት ይመስላል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ አዲሲቱ ምድር ላይ ቆሞ ስለ እርሻ እንደሚያውቅ ይናገርና ያለቅሳል። የዓለማት መጥፋት ያላስለቀሰውን ሰው ስለ እርሻ የተናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር አስለቀሰችው።

ስታር ትሬክ በተባለው የጠፈር ተከታታይ ውስጥ ያለውን ስፖክን እንመልከት። እርሱን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሁሉም ይወደዋል። ግማሽ ጎኑ ሰው ነው፣ ያውም በእናቱ በኩል፤ ይህንኑ የእናቱን ወገን ዕድሜውን ሙሉ ሲጫነው ይኖራል፣ እኛም ጨዋነትና ራስን መግዛት እንለዋለን። ባልታር የአባቱን ሲደብቅ ግን አስመሳይ ይባላል። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ብዙ አሰብኩ። የደረስኩበት ነገር ቢኖር ለስፖክ መደበቁ ያምርበታል፣ ለባልታር ግን ላቡ ይታያል የሚል ብቻ ነው። የተመልካች ፍርድ ከዚህ የጠለቀ ሥነ ምግባር ያለው አይመስለኝም።

ከትንንሽ የሙዚቃ አሳታሚዎች ጋር የሚሠሩትን የጊታር ባንዶች የምወድበትም ምክንያት ከዚሁ የራቀ አይደለም። አርክቲክ መንኪስ የተባሉትን እንግሊዛውያን በመጀመሪያ የወደድኳቸው ስለ ጊታሩ ሳይሆን ዘፋኛቸው አሌክስ ተርነር በሰፈሩ አፍ ስለሚዘፍን ነበር። ሼፊልድ ያለችው በዚያው በዮርክሻየር ነው፤ እርሱም ያደገው ሃይ ግሪን በሚባል የከተማዋ ዳርቻ ነው (የከተማ ዳር ልጅ መሆኑን የሰማሁ ዕለት እንደ ዘመድ ኮርቼበታለሁ)። ዶሚኖ የተባለው ነፃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ያወጣላቸው የመጀመሪያ አልበም በብሪታንያ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ360 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጦ ነበር። ቃላቱን ሳላሻሽል፣ አፌን ሳላሳምር ልዘፍን ያለ ልጅ እንዲህ ሲሰማለት ማየት እኔን በመሰለ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ይኸው ልጅ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ አስተኝቶ ግላስተንበሪ በተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲወጣ፣ በዘፈኖቹ መካከል የሚናገርበት ቅላጼ ወደ አሜሪካ አዘንብሏል ተብሎ የአገሩ ሰዎች ተሳለቁበት። እኔም ከተሳላቂዎቹ ጋር ወገንኩ። እነሱስ ልጁ የእነርሱ ነውና ይቀየሙ፤ ሼፊልድን በካርታ ብቻ የማውቀው ሰውዬ በምን አገባኝ? ለባልታር ጠበቃ ሆኜ እየቆምኩ ተርነርን በዚያው ወንጀል መክሰሴ ሲገርመኝ ይኖራል። ምናልባት አድናቂ ማለት ሌላው ሰው ከተወለደበት እንዳይነቃነቅለት የሚፈልግ፣ እርሱ ራሱ ግን ቀድሞ የተነቃነቀ ሰው ይሆናል።

እኔ ከደጀን ወደ ስድስት ኪሎ ስመጣ አነጋገርህን ለውጥ ብሎ የመከረኝ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ፣ ክፍል ውስጥ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚመጣውን ፈገግታ እያየሁ፣ አፌ በራሱ መንገዱን አገኘ። ዛሬ የማያውቀኝ ሰው በስልክ ቢሰማኝ ከሬዲዮ የሚደወልለት ሊመስለው ይችላል። ከእናቴ ጋር ስነጋገር ብቻ ያ የድሮው አፍ ሳልጠራው ከተፍ ይላል፤ ድምፄም ከፍ ይላል፣ ሳቄም ይለወጣል። ትናንት ማታም ስለ ጤፉ ዘር፣ ስለ በሬዎቹ፣ ጎርፍ ስለ ወሰደው ድንበር ካርዴ እስኪያልቅ ተጫወትን። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ግን ዘንግቼው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ጎረቤቴን እማማን አገኘኋቸው። ብዙ ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ ከሰላምታና ከውሃ ወረፋ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆሙ።

«ልጄ፣ ማታ ያገር ቤት እንግዳ መጥቶልህ ነበር መሰለኝ። ጨዋታው እንዴት ደስ ይላል! ቡና እንኳ ሳታቀምሰው ነው የሸኘኸው?»

«ቸኩሎ ነው እማማ» አልኳቸው፣ በዚያ በሬዲዮ ድምፄ።

«እንግዲያው ሲመለስ ጥራኝ፤ እኔ አፈላለታለሁ» ብለው ወረዱ።