ላፕቶፕ ፍለጋ በደሴ

ዛሬ ከታናሽ እህቴ ጋር ፒያሳ ላፕቶፕ ስንፈልግ ዋልን። አርክቴክቸር ደርሷታል፤ ደስታችን ልክ የለውም! መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ላፕቶፕ አወጡልን። ራሙ (ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻው) 8 ጊጋ ነው። "ይበቃታል" አሉን። አይበቃም! ሬቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ከፍታ አንድ ሕንፃ በ3ዲ መሥራት ስትጀምር ይንቀራፈፍባታል፤ ቢያንስ 16 ጊጋ ራም፣ ፈጣን ማከማቻ የሆነው ኤስኤስዲና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋታል። የአፕል ማክ አምሯት ነበር፣ ግን ሬቪት የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ተውነው። አብሽሪ አልኳት።

አመሻሽ ላይ ወፈር ያለ፣ ያገለገለ፣ ራም የሚጨመርበት አገኘን። ሶፍትዌሩ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣትም፤ ሠሪው ኩባንያ አውቶዴስክ ተማሪ መሆኗን ካረጋገጠ የንድፍ መሣያውን አውቶካድንም ሬቪትንም በነፃ ይሰጣታል፣ በየዓመቱ ማደስ ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ እማ ቡና አፍልታ ጠብቃናለች። ላፕቶፑን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣ መረቀቻት።