ከኬ ስትሪት ስር

ዛሬ ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ ቀጥታ ወደ ሜትሮ አልወረድኩም፣ ኬ ስትሪት ዳር ያለው ፋራጉት አደባባይ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ስምንት አመት ሙሉ የዋሽንግተንን ዳውንታውን ያወኩት ከስሩ ነው። ፓርኪንግ ነው የምሰራው፣ ጠዋት መኪና ሲገባ ማታ ሲወጣ፣ ሱፍ የለበሰው ሁሉ ቁልፉን ሰጥቶኝ ወደ ሊፍቱ ሲሮጥ፣ ሰማይ የማየው ለምሳ ስወጣ ብቻ።

ግን እዚህ ሰማዩ ይታያል፣ ይሄን ከተማ የምወድለት ነገር እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1910 የወጣ ህግ አለ፣ ህንጻ ፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ከ20 ጫማ በላይ እንዳይረዝም፣ ዳውንታውን ቢበዛ ቢበዛ 130 ጫማ ነው፣ ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ብቻ እስከ 160 የተፈቀደበት ቦታ አለ። ለዛ ነው ህንጻው ሁሉ እኩል የሆነው። ወደ ላይ ሲከለከል ወደ ታች ይቆፈራል፣ እኔም እንጀራዬን ያገኘሁት እዛ ታች ነው።

የከተማውን ፕላን በ1791 የነደፈው ላንፋንት የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ የሜትሮው ጣቢያ በስሙ የተሰየመለት። ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ በላያቸው ደግሞ በሰያፍ የሚያቋርጡ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ እንደመጣሁ ሰሞን ስንቴ አሳስተውኛል! በአመቱ ከስራው አባረሩት፣ ይገባኛል ያለውን ገንዘብ ሳያገኝ በ1825 ድሃ ሆኖ ሞተ። አጽሙን አውጥተው አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በክብር የቀበሩት በ1909 ነው፣ ከ84 አመት በኋላ! ይሄን ያነበብኩ ቀን ሆዴ ባባ።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ፓርኪንጉ ባዶ ቀረ። ሰዓታችን ተቆረጠ፣ አብረውኝ የሚሰሩት ጋሼ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩት፣ በዛው ቀሩ፣ እስካሁን ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ሳይ ይከፋኛል። ቢሮው ዛሬም እንደድሮው አልሞላም፣ አንዳንዱ ህንጻ አፓርታማ እየሆነ ነው። እኔ ደስ ይለኛል፣ ማታ ማታ መስኮቱ ላይ መብራት ቢታይ፣ ልጆች እዚህ ሳር ላይ ቢሯሯጡ፣ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ጭር የሚል ከተማ ልብ ይበላል።

አሁን ጋሼ ጋ ደወልኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አርሊንግተን ይዣቸው ልሄድ ነው። የላንፋንት መቃብር ድንጋይ ላይ ፕላኑ ተቀርጿል አሉ፣ ኬ ስትሪት የቱ ጋ እንደሆነች አብረን እንፈልጋለን።