እማዬ በጸሎት፣ እኔ በስልክ

እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገውን ልመስክር።

የእማዬ ታናሽ ወንድም በ1975 ዓ.ም.፣ በደርግ ጊዜ፣ ከጎንደር በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። በነጋዴ እጅ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ «ኡምራኩባ የሚባል የስደተኞች ጣቢያ ነኝ፣ ደህና ነኝ» የሚል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዘመድ አዝማዱ «ተዝካሩን አውጪለት» ቢላት እማዬ እምቢ አለች። «ሬሳውን ያየ አለ?» ትላለች። ማታ ማታ ለቅዱስ ገብርኤል ትነግረዋለች። ጃንጥላም ተስላለታለች።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመርና ሰው ወደ ሱዳን ሲሰደድ ኡምራኩባ እንደገና ተከፈተ። እማዬ ዜና ላይ ስሙን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ያ ቦታ! እስቲ በዚያ ስልክሽ ፈልጊው» አለችኝ።

ፌስቡክ ላይ ስሙን ከነአባቱ ብጽፍ ምንም የለም። ስሙ በ«ፀ» ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው በቲ ብቻ ይጽፈዋል። ደግሞ ውጭ አገር ሲገቡ እንደ ቤተሰብ ስም የሚያዘው ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። የአባት ስም ወይ መሃል ይገባል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። በልደት ቀን መፈለግማ አይታሰብም። የልደት ወረቀት ያልነበረው ስንቱ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 «ተወልዶ» ቀርቷል!

«ሰው በነጻ እናገኛለን» የሚሉ ድረ ገጾችንም አየሁ። መጨረሻ ላይ የካርድ ቁጥር ሲጠይቁኝ ዘጋኋቸው። ቀይ መስቀል በጦርነትና በስደት የተጠፋፋ ቤተሰብ ያለክፍያ እንደሚያፈላልግ ሰምቼ ወደዚያ ልሄድ ስል፣ የሱዳን ስደት ትዝታቸውን የሚያወጉ ሰዎች የፌስቡክ ግሩፕ አገኘሁ። ፎቶውን ለጠፍኩ። ጎንደር ስቱዲዮ የተነሳው ነው፤ አፍሮ፣ ቦላሌ ሱሪ፣ ከጀርባው በሰማያዊ ቢክ «ለእህቴ መታሰቢያ ትሁን»። የአባቱን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩም።

እሱ ጠቀመን። ወዲያው አንዱ «አጎትሽ ነኝ፣ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ብር ላኪልኝ» ብሎ መጣ። «የአባትህ ስም ማነው?» ስለው ብሎክ አደረገኝ።

ቆየት ብሎ አንዲት እናት ጻፉልኝ። «ይሄ ልጅ ካምፕ ውስጥ ልጆቻችንን ፊደል ያስቆጥርልን ነበር። ሜልቦርን ነው የሄደው።» ስሙን ከአያቱ ጋር አድርጌ፣ ፊደሉን እየቀያየርኩ ፈለግሁ። መጣ! ፀጉሩ ሸብቷል እንጂ አፍንጫው የእማዬ ነው።

መልእክት ላክሁ፤ መልስ የለም። ለካ ከማያውቁት ሰው የሚመጣ መልእክት ለብቻው ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሳያየው ከረመ። ፍልሰታ ገባ፣ እማዬ ሱባዔ ያዘች። በዚያው ጾም ውስጥ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። እዚያ ነግቷል።

እማዬ ግን ብር ጠያቂውን አልረሳችም። ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠው፣

«ቅንድብህ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን መጣ?» አለችው።

ዝም አለ። ከዚያ፣

«እትዬ፣ አንቺው አይደለሽ በዘነዘና የፈነከትሽኝ!»

እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። እሱም ለካ ሲፈልገን ኖሯል። እኛ ጎንደርን ለቀን አዲስ አበባ ከገባን በኋላ የላከው ደብዳቤ ተመልሶበታል።

ታኅሣሥ 19 እማዬ ስለቷን አስገባች። አጎቴ «የጃንጥላውን ብር እኔ ልላክ» ቢላት ተቆጣች።

«ይሄ የእኔና የገብርኤል ጉዳይ ነው። አንተ ትኬትህን ቁረጥ!»