የሰው ልጆችን ይዤ ወደ ኦልዱቫይ

ታንዛኒያ ውስጥ ያለውን የኦልዱቫይ ሸለቆ ለመጎብኘት ስንሄድ፣ በኬንያና በታንዛኒያ መካከል ባለው የናማንጋ ድንበር ላይ ሃያ ሦስቱ ተማሪዎቼ በአንድ መስኮት ሲሰለፉ እኔ ወደ ሌላ መስኮት ተላክሁ። እነርሱ ኬንያውያን ናቸው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገር ዜጎች በመሆናቸው ታንዛኒያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። እኔ ናይሮቢ ውስጥ ሥነ ሕይወት የማስተምር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ቪዛዬ፣ የሥራ ፈቃዴ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤና የወላጆች የስምምነት ፊርማ በአንድ ሰማያዊ አቃፊ ውስጥ በተራ ተቀምጠዋል። ለልጆቹ ወረቀት ሁለት ወር ሙሉ ስጨነቅ ሰንብቼ አንድ ነገር አላሰብሁም፤ የሁላችንም ሰነድ የተሟላ ቢሆን እንኳ እኔና እነርሱ በአንድ ሰልፍ አንቆምም።

የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን ገልጣ አየችና በጎን ወዳለች ጠባብ ክፍል አስገባችኝ። ጨዋ ሴት ነበረች። «ኢትዮጵያዊት ነዎት፤ የኬንያ ልጆች ይዘው ወዴት ነው?» ስትል አልከፋኝም። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ተነሥተው በኬንያና በታንዛኒያ አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ የሚሞክሩ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይ ተይዘው የሚታሰሩትም እንዲሁ። ከመካከላቸው የተማሪዎቼ እኩዮች አሉ። ልጆች ይዛ ድንበር የምታቋርጥ ሴት መጠየቅ አለባት፤ ሠራተኛዋ ሥራዋን ሠራች። ጥያቄና መልሱ ግን ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ሰማያዊው አቃፊ ደግሞ ከእኔ ጋር ክፍሉ ውስጥ ነበር። የሁሉም ልጆች ወረቀት በእኔ እጅ ስለነበረ ውጭ ያሉት ሁለት ባልደረቦቼ አንዲት እርምጃ መራመድ አልቻሉም።

ስወጣ አንድ ልጅ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ነገሩ የቢጫ ወባ ካርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ እንደሚለው የክትባቱ ማስረጃ የሚጸናው ከተከተቡበት ቀን በኋላ 10 ቀን ሲሞላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ይህ ልጅ ቀድሞ የተከተበበት ካርድ ጠፍቶበት፣ ከጉዞው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ እንደገና ተከትቦ አዲስ ካርድ አወጣ። ካርዶቹን ሁሉ እኔው ሰብስቤ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሬያለሁ፣ ማኅተሙን አይቻለሁ። ቀኑን ግን አልቆጠርሁም። የጤና ባለሙያው ማዘኑ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ ቢሆንም አላሳለፈውም።

የጂኦግራፊ መምህሩ ልጁን ይዞ ወደ ናይሮቢ ተመለሰ፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። እናቱ ዘንድ ደወልሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ነገርኋት። አልተቆጣችም። «ሙዋሊሙ፣ ሌሎቹን አደራ» አለችኝ፤ ሙዋሊሙ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለውጫለሁ። የክትባት ካርድ ከጉዞው አንድ ወር አስቀድሜ እሰበስባለሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የተከተቡበትንና የሚጸናበትን ቀን በቀይ እጽፋለሁ። ድንበር ላይ አቃፊውን የምትይዘው ከልጆቹ ጋር በአንድ ሰልፍ የምትቆመው ኬንያዊት ባልደረባዬ ናት። የእኔን ሰነድ ለብቻው እይዛለሁ፤ እኔ ብዘገይ እንኳ ማን ልጆቹን ወዴት ወስዶ እንደሚያሳርፍ ከመነሣታችን በፊት ተነጋግረን እንጨርሳለን። ልጆቹም የእኔ ሰልፍ የተለየ መሆኑን አስቀድመው ያውቃሉ። ናማንጋ ላይ መምህራቸው ለብቻዋ ተጠርታ ስትገባ ያዩት ልጆች ፊት ላይ የነበረውን ድንጋጤ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

በታንዛኒያዋ አሩሻ ከተማ የሠራሁት ስሕተት ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፤ የገዛ አገሬን ሰዓት የረሳሁበት ነውና። ከአሩሻ በንጋት 12 ሰዓት ተነሥተን፣ ወደ ንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ወርደን፣ ካራቱ ከተማ አድረን፣ በማግስቱ ኦልዱቫይን ለማየት ነበር ዕቅዳችን። ለመኪናዎቹ ባለቤት ማታ የደወልሁት እኔ ነኝ። ናይሮቢ ውስጥ ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ ሳስተምር የንጋቱን 12 ሰዓት «ስድስት» ማለት ለምዶብኛል። በስዋሂሊ ላክብረው ብዬ «ሳ ሲታ» አልሁት፤ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። እርሱም «እሺ ሙዋሊሙ» ብሎ ዘጋው።

ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ይላሉ፤ ቀትር ለእነርሱም ለእኛም ስድስት ሰዓት ነው። ሰውየው የቀኑ ስድስት ሰዓት እንደተባለ ተረድቶ ለጠዋቱ መኪናዎቹን ለሌላ ሥራ አሰማርቷቸዋል። ሃያ ሁለት ልጆች ከነሻንጣቸው በሆቴሉ ግቢ እስከ ቀትር ተቀመጡ። አንዷ ተማሪ ቀስ ብላ ቀረበችኝና «ሙዋሊሙ፣ ሳ ኩሚ ና ምቢሊ ነበር ማለት የነበረብዎት» አለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ለመረዳት አንዲት ደቂቃ የማይፈጅበትን ነገር ከእርሷ ተማርሁ። ያን ሌሊት ሃያ ሁለት ስዋሂሊ ተናጋሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውኝ ነበሩ፤ ስልኩን ለአንዳቸው ብሰጥ ኖሮ ስድስት ሰዓት አይባክንም ነበር። አሁን ከሹፌርና ከሆቴል ጋር የሚነጋገሩት በየተራ የሚመደቡ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አዳምጣለሁ። የተስማሙትንም በጽሑፍ ይልካሉ፣ «ንጋት» ወይም «ቀትር» የሚለውን ቃል ጨምረው።

የናይሮቢ ልጆች ስዋሂሊም ቢሆን አሩሻ ላይ ሻካራ ሆኖ ተሰማ። ሻይ ሲያዝዙ «ኒፔ» ይላሉ፣ «ስጠኝ» እንደማለት ነው፤ የታንዛኒያ ሰው «ናኦምባ» ብሎ ይለምናል። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ዝም ብላ አለፈቻቸው። ታላቅን «አንተ» ብሎ የጠራ ልጅ እኛ ቤት ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በማግስቱ ልጆቹ አዛውንት ባዩ ቁጥር «ሺካሞ» እያሉ ሰላምታ ይሰጡ ነበር፤ «ማራሃባ» የሚለው ምላሽ ሲመጣ ደስታቸው ልዩ ነበር።

በባከነው ግማሽ ቀን ምክንያት ከጉድጓዱና ከኦልዱቫይ አንዱን መተው ግድ ሆነ። ባልደረባዬና እኔ ተማክረን ጉድጓዱን ተውን። አውራሪስ ለማየት ሲመኙ የከረሙ ሁለት ልጆች አለቀሱ፤ ያለቀሱት በእኔ ስሕተት ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ሆነን ግን ቁልቁል አየነው። 600 ሜትር የሚጠልቅ፣ ወለሉ 260 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሜዳ በጉም ተሸፍኖ ቆይቶ በአንድ በኩል ሲገለጥ ያ ሁሉ ልጅ ጸጥ አለ። ቅዝቃዜው የእንጦጦን ጠዋት አስታወሰኝ።

ኦልዱቫይ በ1959 እ.ኤ.አ. የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ ሜሪ ሊኪ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን የጥንታዊ ሰው መሰል ፍጥረት የራስ ቅል ያገኘችበት ሸለቆ ነው። እኔን የያዘኝ ግን በሙዚየሙ ያለው የላኤቶሊ ዱካ ቅጂ ነው። ከሸለቆው በስተደቡብ፣ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ በሁለት እግራቸው የሄዱ ፍጥረታት የተዉት ዱካ። ለልጆቹ ስለ ድንቅነሽ ነገርኋቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዱካውን የተዉት የእርሷ ዝርያ እንደሆኑ ይታመናል። የዝርያው ሳይንሳዊ ስም ከአፋር የተወሰደ ሲሆን፣ ስሙ ሲሰጥ በመለያነት የተመዘገበው አጥንት ግን እዚሁ ላኤቶሊ የተገኘ መንጋጋ ነው። ስሙ ከእኛ፣ መንጋጋው ከእነርሱ።

ያቺው የሰዓቱ ተማሪ ረዘም ላለ ጊዜ ዱካውን ስታይ ቆየችና «ታዲያ ድንቅነሽ ናማንጋ ብትደርስ በየትኛው መስኮት ትሰለፍ ነበር?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት።

ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ትንሿን ዱካ ለብቻዋ ወረቀት ላይ ሣሏት፤ ርዝመቷ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሥሯ ሃያ ሁለቱም ፈረሙ። ሰኞ ጠዋት ከድንበር ለተመለሰው ልጅ ሰጠሁት። ቀኑን ሳልቆጥር መቅረቴን እርሱንም ይቅርታ ጠየቅሁት። ምንም አላለም፤ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋው፣ ጫማውን አወለቀ፣ እግሩንም ከዱካዋ አጠገብ አኖረ።